የሎጋው አበባ አዋላጅ

በየሰፈሩ የራሱ ግቢ የማይበቃው አንድ ሰው አይጠፋም። ዓይኑ አጥር አያውቅም። በራችሁ ላይ የበቀለችውን ሣር ከእናንተ ቀድሞ ያያል፤ ያየውን ሳይናገር ካደረ ደግሞ ያመዋል። የእናንተን ሰፈር አላውቅም፤ በእኛ ሰፈር ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ጎረቤቴ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አዋላጅ፣ የሰባ አንድ ዓመት ሴት። ባሌ “ክብርት የአበባ ሚኒስትር” ይላቸዋል፤ በሌሉበት ነው ታዲያ። ፊት ለፊታቸውማ እሱም እንደኛው “እማማ” ነው የሚለው፤ ድምፁንም ዝቅ ያደርጋል።

ክብርት ሚኒስትር ማንም ሳይሾማቸው የሚያስተዳድሩት ብዙ ነው። ዳቦ ቤት ገብተው ባንኮኒው ላይ የተቀመጠውን የፕላስቲክ አበባ በሁለት ጣታቸው ነካ አደረጉና፣ “ይሄ ሬሳ ምን ይሠራልሃል?” ብለው ባለቤቱን በደንበኛ ፊት አሳፍረውታል። የውሃ ቆጣሪ አንባቢው አንድ ቀን ወደ ግቢያቸው ገብቶ፣ እሳቸው አበባ እስኪያስሩ ድረስ የድጋፍ እንጨት ይዞ ግማሽ ሰዓት ቆሟል። “ጠበቅ አድርገህ ያዝ የኔ ልጅ፣ አይነክስህም!” ሰውዬው ቆጣሪውን ሳያነብ ሄደ። ምን ያድርግ? ሠላሳ አራት ዓመት ማዋለጃ ክፍል ውስጥ “አሁን ግፊ፣ አሁን ተይ” ሲሉ የኖሩ ሴት እምቢ የሚላቸው ሰው አልለመዱም።

የልባቸው አበባ ሎጋው ነው። የመጽሐፍ ስሙን አንዴ ነግረውኝ ነበር፤ ምላሴ እምቢ አለኝ። ሎጋው ያልነው እኛው ነን፣ በቁመቱ። ግንዱ ቀጥ ብሎ ከሰው በላይ ይወጣል፤ አበባውም ከታች ጀምሮ ወደ ላይ አንድ በአንድ ይፈነዳል። ግንብ ተደግፎ መቆም ይወዳል። የእኔ ግንብ ደግሞ ባዶውን ነበር።

እዚያ ቤት በገባን በሳምንታችን፣ እኔ መስኮቱ ሥር ስፌት መኪናዬ ላይ አጎንብሼ ሳለሁ፣ ከግንቡ በላይ አንድ ሻሽ ብቅ አለ።

“አንቺ ልጅ! ይሄ ግንብሽ ራቁቱን ምን ያደርጋል?”

መልስ አልጠበቁም። ዞረው በበሩ ገቡ፤ ከኪሳቸው እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ጠፍጣፋ የሆኑ ዘሮች አወጡ፤ ግንቡ ሥር ተንበርክከው ዘሩ። የማን ግቢ ነው ብሎ ነገር የለም። ሲጨርሱ “በይ፣ አደራ!” ብለው ወጡ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላም አልነበረኝም። አምስት ችግኝ በቀለ፤ በማለዳ ከግንቡ ማዶ፣ “ልጆቹ እንዴት አደሩ?” ነው። “ደህና አድረዋል እማማ።” “አምስቱም?” “አምስቱም።” ይህን የሰማች አንዲት ደንበኛዬ ልጆቿ የጠበባቸውን ልብስ በፌስታል ሞልታ አመጣችልኝ። እኔ ልጅ የለኝም። ልብሱን ምን ብዬ እንደምመልስላት ጨንቆኝ ቁምሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት።

ወር አልፎ ወር ሲተካ ከመሬት ጋር የተጣበቀ ሻካራ ቅጠል እንጂ ሌላ ነገር የለም። “እማማ፣ ይሄ ነገር አበባ ነው ወይስ ጎመን?” አልኳቸው።

“ገና ነው!” አሉኝ። የሁልጊዜ ቃላቸው ናት። “የመጀመሪያው ዓመት ቅጠል፣ አበባው በሁለተኛው። ስንቷ ናት መጥታ ‘አሁኑኑ አዋልዱኝ’ ያለችኝ! ገና ነው።”

በዚያው ዓመት የእሳቸው ሎጋዎች ታመሙ። ከቅጠሎቹ ሥር ዝገት የመሰለ ሽፍታ ወጣ። እሳቸው ግን አላመነቱም፤ አንድ ሳያስቀሩ ነቅለው አቃጠሉ። ሲጨርሱ እኔ በር ላይ መጥተው ተቀመጡ።

“የዚህን ዘር አመጣጥ ነግሬሽ አላውቅም” አሉ። “ብቻዬን መጀመሪያ ያዋለድኳት ሴት ናት የሰጠችኝ። እኔ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የምትሰጠኝ አልነበራትምና ደጇ ላይ ከነበረው፣ ጥቁር ሊመስል ከደረሰ ቀይ አበባ ዘሩን ሰበሰበችልኝ። ይኸው እስከ ዛሬ አልተለየኝም። አሁን ቤት ያስቀመጥኩትን አይጥ ፈጀው፤ ግቢዬ ያለውን እኔው አቃጠልኩት። የቀረው አንቺ ጋ ያለው ብቻ ነው።”

“አይዞዎት እማማ፣ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምጠብቃቸው” አልኩ፣ አፌን ሞልቼ።

ዘጠኝ ቀን ጠበቅኳቸው።

ባሌ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ በወር ሁለት ሦስት ቀን ነው ቤት የሚገኘው። ደግ ሰው ነው፤ መዘዙም ከደግነቱ የመጣ ነው። በአሥረኛው ቀን እኔ ለደንበኛ ቀሚስ ላደርስ ወጥቼ፣ እሱ ሊያስደስተኝ ብሎ ግቢውን አጸዳ። ስመለስ ላቡን እየጠረገ፣ “ያን ሁሉ አረም ነቅዬ ለቆሻሻ መኪና ሰጠሁልሽ” አለኝ። ግንቡ ሥር አየሁ። ልጭ ብሏል። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ነገሩ ሲገባው እሱም አጠገቤ ቁጭ አለ። “ንገሪያቸው” አለ።

“አንተ ንገራቸው!”

“እኔማ ነገ መንገደኛ ነኝ።”

ክብርት ሚኒስትር በዚያ ቀን ለደም ግፊታቸው ሐኪም ቤት ሄደው ነበር። ሳይመለሱ በሩጫ ችግኝ መሸጫ ደረስኩ፤ አምስት የሎጋው ችግኝ ገዛሁ። “ቀለሙ ምንድን ነው?” ብል፣ ሻጩ “ሲያብብ ታይዋለሽ” አለኝ። አምጥቼ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ቁጥር ተከልኩ። በማግስቱ ከግንቡ በላይ ሻሹ ብቅ አለ። አምስቱንም አንድ በአንድ አዩ።

“ልጆቹ እንዴት አደሩ?”

“ደህና አድረዋል” አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

“ውሃ አጠጪያቸው” ብለው ገቡ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ፣ በሁለተኛው ዓመት ግንዱ ሽቅብ መውጣት ጀመረ። እሳቸው ከእኔ ብሰው ይኮተኩታሉ፣ ያስራሉ፣ ያጠጣሉ። እኔ ደግሞ እንቡጡ በወፈረ ቁጥር ‘አደራህን፣ ቀይ ሁን’ እያልኩ እለምነዋለሁ። ባሌማ ከነቀላቸው ወዲህ ሲመጣ መኪናውን ሁለት መንገድ ርቆ እያቆመ፣ እንደ ሌባ በጓሮ በር ነው የሚገባው። በመጨረሻ አንድ ጠዋት የታችኛዋ ፈነዳች። ሮዝ! የሕፃን ካልሲ የመሰለ ሮዝ!

እሳቸው በበሩ ሲገቡ እኔ ግንቡ ሥር ቆሜ ነበር። ሌላ ውሸት ፈለግኩ፤ አጣሁ።

“እማማ፣ እነዚህ የእርስዎ አይደሉም። የእርስዎን ባሌ አረም መስሎት ነቀላቸው። እኔ ሌላ ገዝቼ ተክቼ ዓመት ሙሉ ዋሸሁዎት።”

“አውቃለሁ” አሉ።

“ያውቃሉ?”

“በማግስቱ ነው ያወቅኩት። ሎጋው ሥሩ እንደ ካሮት ቁልቁል ነው የሚሄደው፤ ካለበት ካነሱት ያኮርፋል። አምስቱም አኩርፈው ነው ያገኘኋቸው።”

“ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?”

“ሠላሳ አራት ዓመት ሕፃን አቅፌ ለእናቱ ስሰጥ፣ ማንን እንደሚመስል አንድ ቀን ተናግሬ አላውቅም” አሉ። “የኔ ሥራ መተንፈሱን ማየት ነው።”

“ያ ዘር ግን…”

“አለቀ። ይቆጨኛል፣ ለምን አይቆጨኝ? ያን ለት ክፍሌን ዘግቼ አልቅሻለሁ። እንባዬን ጠርጌ በመስኮት ባይ ግን፣ አንቺ ተንበርክከሽ አፈሩን በእጅሽ ታለብሻቸዋለሽ። ሰው ለማይወደው ሰው እንደዚያ አይለፋም ብዬ ተውኩሽ።”

“እዚህ አገር ከእርስዎ ሌላ እናት የለኝም” አልኩ። “ይቀየሙኛል ብዬ ነው የፈራሁት።” እሳቸው አፈር በነካ እጃቸው እንባዬን ከጉንጬ ጠረጉልኝ፤ ይባስ ጭቃ አደረጉኝ።

“ባልሽንም ንገሪው፣ በፊት ለፊት በር ይግባ” አሉ። “በጓሮ በር ሲገባ ዓመት ሙሉ በሩ ሥር የተከልኩትን ሰላጣ ረገጠብኝ።”

ከዚያ ወደ አበባዋ ጎንበስ አሉ። ቅጠሏን ገለጥ አድርገው ከላይ እስከ ታች መረመሯት። ቀና ሲሉ እንደ ጎረቤት አልነበረም ያዩኝ፤ ሥራዋን ጨርሳ እጇን እንደታጠበች አዋላጅ ነበር። ለእኔ ማንም ብሎኝ የማያውቀውን ቃል አሉኝ።

“እንኳን ማርያም ማረችሽ።”