የኢሪው በረኛ፣ ክቡር ሌኒ ኮዛክ

በአሜሪካ ታችኛው ሊግ ኳስ የተጫወተ ሰው ሁሉ፣ በራሱ ጥፋት ጎል ገብቶበት የማያውቅ አንድ በረኛ ገጥሞታል። ለእኛ ለኢሪ ከተማ ቡድን ተጫዋቾች የደረሱን ክቡር ሌኒ ኮዛክ ናቸው። እኔ ለዓመታት ከፊታቸው የቆምኩ የመሀል ተከላካይ ነኝ፤ ስለዚህ ጎል በገባ ቁጥር ጥፋተኛው ማን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም።

ኳስ በእግሮቻቸው መሀል ሾልካ ከገባች ከከተማችን ሐይቅ የሚነሳው ነፋስ ነው። በራሳቸው ላይ ካለፈች ፀሐይዋ ናት። ደመና ከሆነ ደግሞ እኔ ነኝ። «ማርቪን፣ ግራህን እይ አላልኩህም?» ይሉኛል፤ ኳሷ በቀኝ ብትመጣም።

የታችኛው ሊግ ደሞዝ ቤተሰብ ስለማያኖር፣ ክቡርነታቸው ቀን ቀን መኪና መንዳት ያስተምራሉ። ጩኸቱ ግን ያው ነው። የፓስተራችን ሚስት ወይዘሮ ዶሎረስ በስተርጅና መንዳት ሊማሩ ገብተው፣ መስቀለኛ መንገድ መሀል ሞተሩ ጠፋባቸው። «ይውጡ፣ ይውጡ፣ ይውጡ!» አሉ ክቡርነታቸው። ከመንገዱ ይውጡ ማለታቸው ነበር። ሴትየዋ በሩን ከፍተው ወጡና በእግራቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ሠላሳ ስምንት ዓመት በሞላቸው ክረምት፣ ቡድኑ ኬለን የሚባል፣ ገና ከኮሌጅ የወጣ የበር መቃን የሚያክል በረኛ አመጣ። አሰልጣኛችን ባርት ክቡርነታቸውን ጠራቸው።

«ሌኒ፣ ዘንድሮ የሚጀምረው ኬለን ነው። አንተ በረኞቹን ብታሰለጥንልኝስ?»

«ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ጡረታ ስወጣ አስታውሰኝ። ነገ ልምምድ በስንት ሰዓት ነው?»

ያኮርፋሉ ብለን ነበር። እሳቸው ግን ከሁላችን ቀድመው እየመጡ ከጎላቸው ፊት በረዶውን በአካፋ ይጠርጉና፣ ድንጋይ በሆነው መሬት ላይ ይወድቁ ይነሱ ጀመር። ጉልበታቸው ሲያብጥ ያስሩታል፤ በማግስቱ እንደገና ይወድቁበታል። «ለማን ብለህ ነው?» ስላቸው «ለሚቀጥለው ኳስ» ይላሉ። ጨዋታ ሲኖር ከተቀያሪ ወንበር ሆነው በጣም ይጮሁብናል፤ አንዴማ ዳኛው እዚያው በተቀመጡበት ቢጫ ካርድ አሳያቸው።

በግንቦት የአገሪቱ ዋንጫ ደረሰና አንድ ትልቅ ቡድን በአውሮፕላን መጥቶ ገጠመን። ከእረፍት በኋላ፣ ያለ ጎል እኩል ሆነን ሳለ፣ ኬለን ትከሻው ወለቀ። ክቡርነታቸው ጓንታቸውን አጥልቀው ገቡ።

«ኳስ መያዝ ረስተህ እንዳይሆን» አልኳቸው ሲያልፉ።

«አንተ መከላከል ረስተህ እየተጫወትክ አይደል?»

ከዚያ ኳስ እንደ ዶፍ ወረደብን። በደረታቸው መለሱ፣ በጉልበታቸው መለሱ፣ አንዷን በፊታቸው መለሱ። አፍንጫቸው ይደማ ጀመር። ባርት ከዳር ሆኖ «ልቀይርህ?» ሲል፣ «በማን?» አሉ። ሌላ በረኛ አልነበረንም።

በባከነ ሰዓት አዲሱ የግራ ተከላካያችን ቶቢን ወደ ኋላ ያቀበላት ኳስ አጠረች። አጥቂያቸው ቀድሞ ደረሰና አገባት፤ ጨዋታውም አለቀ። ቶቢን ሳሩ ላይ ቁጭ አለ። ሁላችንም የሚመጣበትን ስለምናውቅ አንገታችንን ደፋን። ክቡርነታቸው ቀስ ብለው መጡ፣ በብብቱ ይዘው አነሱትና «ተነስ፣ ሳሩ እርጥብ ነው» አሉት። ጋዜጠኞቹ ሲከቧቸው ደግሞ፣ «ኳሷ የኔ ነበረች። ቀድሜ መውጣት ነበረብኝ» ብለው አረፉት።

ልብስ መቀየሪያ ክፍል ገብተን አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ሌኒ፣ ጎሏ እኮ ያንተ አይደለችም።»

«አውቃለሁ» አለኝ ሌኒ፣ አፍንጫው ውስጥ ጥጥ ወትፎ። ክቡርነቱን ለአንድ ምሽት ልተወው። «ልጁ ግን ቅዳሜም መጫወት አለበት። አንተ ጩኸቴን ለምደኸዋል።»

በዚያ በጋ አንድ የተሻለ ቡድን ፈልጎኝ፣ ከመፈረሜ በፊት ሲጫወቱ ላያቸው ሄድኩ። በረኛቸው ጎበዝ ነው፤ ጨዋም ነው። ጨዋታው እስኪያልቅ ድምፁ አልተሰማም። ከፊቱ ያሉት ተከላካዮች አሳዘኑኝ። ኢሪ ተመለስኩና ሌላ ሁለት ዓመት ፈረምኩ።