የማን ልጅ ነሽ?

እስቲ ንገሩኝ፤ እኛ አገር ትልቅ ሰው መንገድ ላይ ልጅ ሲያገኝ መጀመሪያ ምን ይላል? «የማን ልጅ ነሽ?» ነው እንጂ ሌላ ምን ይላል! እኔም ልጄን መክሊትን ለዚህ ጥያቄ አሠልጥኛት ነበር። ገና ሰባት ዓመቷ ነው። ቢቸና ገበያ መሀል አቁማችሁ ብትጠይቋት እስከ ቅድመ አያቷ ሳትተነፍስ ታወርደዋለች፤ ከነሰፈራችን! እንግዳ በመጣ ቁጥር አስቆጥራታለሁ። እንግዳው «ትደግ» ይላል፣ የእኔ ደረት ይነፋል።

ዓምና ከትምህርት ቤት ስትመለስ አንድ ባጃጅ አጠገቧ ቆመ። ሰውዬው የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቃት። እሷም ያስተማርኳትን አወረደችለት። ከዚያማ ምን ቸገረው? አባትሽ አቶ ውባለም ወድቆ ጤና ጣቢያ ተኝቷል፣ ነይ ቶሎ ላድርስሽ አላት። ስሜን ጠርቷላ! የሚያውቀኝ መሰላት። አንድ እግሯን ባጃጁ ውስጥ አስገብታለች። ባለሱቋ እትዬ ጥሩዬ «አንቺ! አባትሽ አሁን በዚህ አላለፈም እንዴ?» ብለው ባይጮኹ... ሰውዬው ነድቶ ጠፋ።

ፈራሁ፤ ምን እዋሻለሁ። ያን ሰሞን እህል አልወርድ አለኝ። የባጃጅ ጥሩንባ በሰማሁ ቁጥር ወደ በር እሮጣለሁ። ስሜን ለዚያ ሰውዬ ያቀበልኩት እኔው ነኛ!

እናቷ ትምህርቱን ከእጄ ቀማችኝ። የማታውቂው ሰው ሲጠይቅሽ «እናቴን ጠይቅ» በይ፤ ወደ ኋላ ራቂ፤ ጩኺ፤ እትዬ ጥሩዬ ሱቅ ሩጪ፤ ከዚያ መጥተሽ ሁሉንም ንገሪኝ አለቻት። ሁልጊዜ ከእራት በፊት ታለማምዳታለች። ዘመዶቻችን ልጅቷን ባለጌ አደረጋችኋት ብለው አኮረፉ።

ባለፈው ወር ይዣት ሞጣ ሄድኩ። መናኸሪያው በር ላይ ጋቢ የደረበ ጎልማሳ «የማን ልጅ ነህ?» አለኝ። እኔ ሞኙ አባቴን ከነአያቴ ነገርኩት። «ውይ! አባትህኮ የክርስትና አባቴ ናቸው!» ብሎ አቀፈኝ። ቤቴ ምሳ ሳትበላማ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ሻንጣዬን ተቀብሎኝ ወደ ጓሮ መንገድ መራኝ። እኔም ልጄን በእጄ ይዤ ተከተልኩት።

መክሊት ወደ ኋላ ጎተተችኝ። «አባዬ፣ አናውቀውም! ሰው ድረሱልን!» ብላ መናኸሪያውን አናወጠችው። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። በሀፍረት ላብ አጠመቀኝ። ዝም በይ ብዬ ተቆጥቻት፣ ይቅርታ ልለው ዞር ብል ሰውዬውም የለም፣ ሻንጣውም የለም።

ሻንጣው ይሂድ። ልጄን ይዤኮ ነው የተከተልኩት! ዛሬም ሳስበው ይዘገንነኛል።

አሁን ከእራት በፊት የምንለማመደው ሁለት ነን። መክሊት ፊቴ ቆማ «የማን ልጅ ነህ?» ትላለች። እኔ የአርባ ስድስት ዓመቱ ሰው ወደ ኋላ ራቅ ብዬ «እናቴን ጠይቅ» እላለሁ።

«አባዬ» ትለኛለች፣ «ጮክ በል እንጂ!»