ግማሽ ላይ ያቁሙልኝ

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ከሌባ ይልቅ የሚያስፈራው ታማኝ ሰው ነው። ቆይ... አትቆጡ! ሌባ ያገኘውን ይዞ ይሄዳል፤ እናንተም አልቅሳችሁ፣ ረግማችሁ ይወጣላችኋል። ታማኝ ሰው ግን የሰጣችሁትን ዕቃ ብቻ ሳይሆን የተናገራችሁትንም ይጠብቃል። ቃል በቃል! ያውም እናንተ ምን እንዳላችሁ ከረሳችሁ በኋላ። ካላመናችሁኝ አከራዬን ጋሽ ሽኩርን ላስተዋውቃችሁ።

ጋሽ ሽኩርን የማያውቅ የሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ነጋዴ የለም። እዚያው ሚስማርና ማጠፊያ ሲሸጡ ነው ያረጁት። አሁን ሱቁን ለልጆቻቸው ትተው ግቢያቸው ውስጥ ይውላሉ፤ ከጊዮርጊስ ቁልቁል በሚወስደው ቅያስ ላይ ካለው ከዚሁ ግቢ እኔም አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ሰውዬው በአደራ ቀልድ አያውቁም። አንድ ጊዜ ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ ልጃቸውን ሊያርሱ ክፍለ ሀገር ሲሄዱ ዶሯቸውን አደራ ይሏቸዋል። ሲመለሱ ዶሮዋ ደህና... እንቁላሎቹም አንድ ሳይጎድል አሉ። ከነሽታቸው! "እንቁላሉንማ ይበሉት ነበር እኮ!" ቢሏቸው ጋሽ ሽኩር ክው ብለው፣ "ዘውዴ! አደራ ይበላል?" አሏቸው።

ይህን ታሪክ እያወቅኩ ነው እንግዲህ መኪናዬን የሰጠኋቸው።

መኪናዬ የኤሌክትሪክ ናት። ዕድሜዬን ነዳጅ ማደያ ሰልፍ ላይ ከምጨርሰው ብዬ ያለኝን ሁሉ አራግፌ ነው የገዛኋት። ድምፅ የላትም፤ ዝም አይነቅዝም የሚለው ተረት መኪና ቢሆን ኖሮ እሷን ይሆን ነበር። ግን ሁለት ነገር አትወድም፤ ሙሉ ተሞልታ መክረምና ጨርሶ ባዶ ሆና መክረም። በተለይ ባዶ ሆና ከከረመች ትልቁ ባትሪ ይሞታል። ትልቁ ባትሪ ከሞተ ደግሞ ያለኝ መኪና ሳይሆን ባለ አራት ጎማ ቁም ሣጥን ነው። ባለቤቷ ራቅ ብላ የምትቆይ ከሆነ ግማሽ አካባቢ ሞልቶ መተው ይሻላታል።

መሥሪያ ቤቴ "ስምንት ወር ጎዴ ትሠሪያለሽ" ሲለኝ መጀመሪያ ያሰብኩት መሸጥ ነበር። ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት በር ላይ የሚውል ደላላ አመጣሁ። ዞራት፣ ጎማዋን በእግሩ ነካ ነካ አደረገና፣

"እስቲ አስነሺያት" አለኝ።

"ተነስታለች እኮ።"

"መቼ?"

"ቅድም፣ ስትዞራት።"

ጆሮውን ኮፈኗ ላይ ለጥፎ ቆየና ራሱን ነቀነቀ። "እህቴ፣ ድምፅ የሌላትን መኪና ማን ሰምቶ ይገዛታል? ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪናና ስልክ አንድ ናቸው። አዲሱ ሲመጣ አሮጌውን ለታናሽ ወንድም መስጠት ነው።"

ታናሽ ወንድም ስለሌለኝ ለጋሽ ሽኩር ሰጠኋት። በአደራ!

የመሄጃዬን ጠዋት አስቡት። ሁለት ሻንጣ፣ የጠፋ መታወቂያ፣ ውጪ ደግሞ እጁን ከክላክሱ ላይ የማያነሳ የታክሲ ሹፌር። መኪናዋን ማታ ሰክቼ ስለረሳኋት እስከ አፏ ሞልታ አድራለች። ተቀምጬ በደንብ ማስረዳት ሲገባኝ ቆሜ፣ ያውም በአንድ እግሬ፣ ጫማዬን እያጠለቅኩ ነገርኳቸው።

"ጋሽ ሽኩር፣ አሁን ሙሉ ናት። እንዲህ ሙሉ ሆና ከከረመች ትጎዳለች። ግማሽ ላይ ያቁሙልኝ። ከግማሽ እንዳታልፍ፣ ከግማሽም በታች እንዳትወርድ። ገመዷ ከኋላ ነው፣ ይጠቀሙበት። አደራ!"

ጋሽ ሽኩር መኪናዋን አዩዋት። ግቢው ጥግ ቆርቆሮው ሥር ቆማለች። የግቢውን በር አዩ። እንደገና መኪናዋን አዩ።

"ግማሽ ላይ?"

"ግማሽ ላይ!"

"አይጎዳትም?"

"እንዲያውም የሚሻላት እሱ ነው። የሠሯት ሰዎች ናቸው ያሉት።"

"እንግዲህ እነሱ ካሉ..." አሉና ቁልፉን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ትዝ ያለኝ አውሮፕላን ማረፊያ ስደርስ ነው። ያውም የሻንጣዬ ዚፕ ሲበጠስ።

እኔ ያለሁበት ቦታ ኔትወርክ እንደ ዝናብ ነው፤ ሲመጣ ሮጦ መቅዳት ነው። በመጣ ቁጥር እደውላለሁ።

"ጋሽ ሽኩር፣ መኪናዋ ግማሽ ላይ ነች?"

"ግማሽ ላይ ነች! ወላሂ፣ ንቅንቅ አላለችም!"

"ገመዱንስ ይጠቀማሉ?"

"ጥብቅ አድርጌ ነዋ!"

ጎሽ! ላላ ብሎ ከተሰካ አይሞላማ። እኚህ ሰው በዚህ ዕድሜያቸው ከቴክኖሎጂ ጋር እንዲህ ይግባቡ? እያልኩ ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ አወራሁላቸው።

አንድ ቀን ግን ድምፃቸው ከፋብኝ። "ልጄ፣ ሰዉ አስቸገረኝ" አሉ።

"ምን ብሎ?"

"ግማሽ ብሎ ነገር ምንድነው ይሉኛል።"

"ስለማያውቁ ነው፤ አይስሟቸው!"

"እኔስ መች ሰማኋቸው!"

ወዲያው እትዬ ዘውዴ ስልኩን ነጠቁ። "አንቺ ሰናይት! በናትሽ ሙሉ ትሁን በያቸው! ግማሽ ግማሽ እያሉ ፈጁን እኮ!"

"እትዬ ዘውዴ፣ ሙሉ ከሆነች ትበላሻለች!"

"ሙሉ ብትሆን እኮ እኛም..." ቆረጠ። ኔትወርኩ!

እኛም ምን? እኛም ነድተናት ደስ ይለን ነበር ሊሉ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ሰው በሰው መኪና እንዲህ ይጎመጃል? ቅር ብሎኝ ዋልኩ።

ስምንት ወሩን ጨርሼ ተመለስኩ። ከታክሲ ወርጄ ወደ ቅያሳችን ስታጠፍ መጀመሪያ ያየሁት የመኪናዬን ኋላ ነው። የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ኋላዋ ቅያሱ ላይ፣ አፍንጫዋ ግቢ ውስጥ፣ ወገቧ ልክ በሩ ደፍ ላይ። ግማሽ ላይ! ቁልቁለቱ እንዳይወስዳት ደግሞ ከበሩ ብረት ጋር በገመድ ታስራለች። በቻርጅ ማድረጊያው ገመዴ! ወይፈን እንኳ የማይፈታው ቋጠሮ!

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል አሉ። እኔ ተናገርኩ፤ እሳቸው ያዙ።

በመኪናዋና በበሩ መሃል ባለችው ክፍተት እትዬ ዘውዴ ዘንቢላቸውን ከራሳቸው በላይ ይዘው፣ ሆዳቸውን ሰብስበው በጎን እየተሳቡ ወጡ።

"መጣሽልን? ተመስገን! ፍሪጃችንን እኮ በአጥር ነው ያስገባነው። ሙሽራ ስንድር እንኳ..."

"ሙሽራዋንም በአጥር?"

"በጎን ነው እንጂ! ቀሚሷ እስኪወጣ ሚዜዎቹ ሁለት ዘፈን ጨረሱ።"

ደንብ አስከባሪም መጥቶ ነበር አሉኝ። "አባባ፣ ይቺ መኪና ውጪ ከሆነች ትቀጣለች" ይላቸዋል።

"ውስጥ ከሆነችስ?"

"ውስጥማ ምን አገባኝ!"

"እንግዲያው ግማሹን ቅጣ፣ ግማሹን ተው። አደራ ስለሆነች እኔ አላንቀሳቅሳትም።" ልጁ ጭንቅላቱን እያከከ ሄደ።

ሳቄ መጣ። በሳቅ ልፈነዳ ስል ጋሽ ሽኩር ከበሩ ሥር ተነሱ። አልጋቸውን እዚያ አውጥተዋል፤ ከስተዋል። ግን ደረታቸውን ነፍተው፣ "ልጄ፣ ከግማሽ አላለፈችም፤ ከግማሽ አልወረደችም" አሉኝ።

"ጋሽ ሽኩር፣ እኔ እኮ ግማሽ ያልኩት..." ብዬ ስጀምር እትዬ ዘውዴ ክንዴን ቆነጠጡኝ። "አረፋን እንኳ አገር ቤት አልሄዱም" አሉ በሹክሹክታ። "በሩ አይዘጋ! 'የሰው አደራ ደጅ ላይ ጥዬ የት እሄዳለሁ?' ብለው ቀሩ።"

ጉራጌ አገር አረፋ ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ይህን መናገር አያስፈልግም። ልጅ ከየአገሩ የሚሰበሰብበት፣ ሽማግሌው የሚመርቅበት በዓል ነው። እሳቸው ያን ትተው የእኔን ጥድፊያ ሲጠብቁ ከረሙ። ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ... እሱም ግማሽ ላይ። አፈርኩ። እውነቱን ብናገር በሰፈሩ ፊት መሳቂያ ላደርጋቸው ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ መሳቂያ አይደረግም።

ቁልፉን ተቀብዬ ገባሁ። መኪናዋ ግን ዝም። ድሮም ዝም ናት፤ ይሄኛው ዝምታ ግን ሌላ ነው። ስክሪኗ እንደጠቆረ ቀረ። ያኔ መኪናዋን በሩ ላይ ያቆመላቸው ባለ ላዳው ጎረቤታችን በቀለ በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ፣ "ሞታለች" አለ።

ጋሽ ሽኩር ፊታቸው አመድ መሰለ። "በእኔ እጅ? አደራ በእኔ እጅ ሞተ?"

ስለ መኪናዋ የነበረኝ ስጋት ሁሉ ወደ ሽማግሌው ዞረ። አምላኬ፣ ባትሪውን ውሰደው፣ ብቻ እኚህን ሰው አታሳፍርብኝ አልኩ። "የምታስነሳት ትንሿ ባትሪ ትሆናለች!" አልኩ ጮክ ብዬ፣ ግማሹን በእውቀት፣ ግማሹን በተስፋ። በቀለ ላዳውን አስጠግቶ ከባትሪው ገመድ ቀጠለልኝ። ነዳጅ በቃኝ ብዬ የገዛኋትን መኪና፣ ጭስ የምትተፋ ላዳ ልታስነሳት ነው... ይሁን!

ስክሪኗ በራ። ሙሉ ሆና የተተወችው መኪና፣ ማንም ሳይሰካት፣ በራሷ ጊዜ ወርዳ ወርዳ የደረሰችበትን አነበብኩ። ሃምሳ።

"ግማሽ!" ብዬ ጮህኩ። "ጋሽ ሽኩር፣ ግማሽ ላይ ናት!"

"እሷ ራሷ ናት የምትለው?"

"ራሷ ናት! ይኸው ጽፋዋለች!"

ጋሽ ሽኩር ወደ ተሰበሰበው ጎረቤት ዞሩ። "አያችሁ? እኔን ባታምኑ እሷ መሰከረች።" እትዬ ዘውዴ ስክሪኑን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ገብቷቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጠቀጠቁ። እግዜር ይስጣቸው፣ ትንፍሽ አላሉም።

ገመዱን ፈትተን መኪናዋን አስገባኋት። በሩ ከስንት ጊዜ በኋላ ሲዘጋ ሲጥጥ ብሎ ጮኸ። ጋሽ ሽኩር ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ። ሌላ ጊዜ ስትሄጂ፣ ወይ ሙሉ አስገቢያት፣ ወይ ሙሉ አስወጪያት። እኔ ከእንግዲህ ግማሽ አደራ አልችልም።"