የጋሽ ፈለቀ በረኛ

በሽተኛ መጠየቅን ሥራዬ ብላ የያዘች ሴት የሌለችበት ሰፈር ሰፈር አይባልም። ሸዋሮቢት ውስጥ በጋሽ ፈለቀ ሰፈር ይህን ከፍተኛ ሹመት የያዙት ክብርት እትዬ ተናኜ ናቸው። ጎረቤት ከተማ ጀውሃ ምሳ በልቶ ሆዱ የተነፋበትን ሹፌር እንኳ «እግዜር ይማርህ» ሊሉት ሚኒባስ ተሳፍረው ሄደዋል። ጡረተኛው የጭነት መኪና ሹፌር ጋሽ ፈለቀ ግን ጠያቂ ይሰለቻቸዋል፤ እትዬ ተናኜ ሲመጡ የተኙ መስለው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

ታዲያ ዘንድሮ ጋሽ ፈለቀ አዲስ አበባ ሄደው የጠበበ የልባቸው ደም ሥር እዚያው በሚቀር ትንሽ የሽቦ ቱቦ ተከፍቶላቸው ተመለሱ። ሐኪሙ መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ፣ ከጉንፋንም እንዲጠነቀቁ አጥብቆ ነገራቸው፤ ብርቱ ጉንፋን ደሙን ሽቦው ላይ ሊያረጋው ይችላል። ሰፈሩ ደግሞ ያን ሰሞን በሳል ተይዟል።

ባለቤታቸው እመቤት ጨነቃት። ለጠያቂ በር መዝጋት ነውር ነው፤ ከከፈቱ ደግሞ ሰው እየሳለ ገብቶ ጉንጭ ለጉንጭ ሊሳሳም ነው። ጭንቀቷን ለእትዬ ተናኜ አዋየቻቸው። እሳቸው እቴ! በማግስቱ ዱካቸውን ይዘው መጥተው በሩ ላይ ተቀመጡ።

«ያስነጠሰ አይገባም!»

ጎረቤቱ ሙጂብ ሙዝ ይዞ እየሳለ ቢመጣ «ሙዙ ይግባ፣ አንተ ተመለስ» አሉት። የጋሽ ፈለቀን የንስሐ አባት ሳይቀር «አባ፣ ጉሮሮዎ ደህና አይመስለኝም፤ ከዚሁ ይባርኳቸው» ብለው መለሷቸው። ሰው ሁሉ አኮረፈ። ጋሽ ፈለቀ አልጋቸው ላይ ሆነው ይስቃሉ፤ እንዲህ ያለ ድፍረት ደስ ይላቸዋል።

አንድ ጠዋት ዱካው ባዶ ሆነ።

«ማታ አስነጠሳቸው፤ ቤታቸውን ዘግተው ተኝተዋል» አለች እመቤት።

«ማን ጠየቃት?» አሉ ጋሽ ፈለቀ።

«ማን ይጠይቃቸዋል? ያላስቀየሙት ሰው አለ?»

ጋሽ ፈለቀ ከአልጋቸው ተነሱ። አፍና አፍንጫቸውን በጭምብል ሸፍነው፣ ከዘራቸውን ይዘው ሄዱና ከእትዬ ተናኜ አጥር ውጭ ቆሙ።

«ተናኜ! እግዜር ይማርሽ!»

ከውስጥ መጀመሪያ ሳል፣ ቀጥሎ ቁጣ መጣ። «ማነው የለቀቀዎት? ያን ሁሉ ሰው ያስቀየምኩት ለማን ብዬ ነው? ይመለሱ!»

«ለኔ ብለሽ» አሉ ጋሽ ፈለቀ። ጥላ ፈልገው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «አልገባም። እስኪሻልሽ ግን በየቀኑ እዚሁ እመጣለሁ።»

ከዚያ እትዬ ተናኜ ቀስ ብለው፣

«የጠዋቱን ክኒን ዋጡ?» አሉ።