የሐምሌ 1906 ትኩስ ዜና

ዜና ለማን እንደሚጣፍጥ ታዝባችሁ ታውቃላችሁ? ስለ ዜናው ምንም ማድረግ ለማይችል ሰው ነው። ሥልጣን ያለው ሰው ዜና ሲሰማ ሰዓቱን ያያል። ጡረታ የወጣ ሰው ግን ወንበሩን ወደ ቴሌቪዥኑ ያስጠጋል፣ ድምፁን ይጨምራል፣ የሁለት አገሮች የድንበር ጭቅጭቅ የእሱን ፊርማ ብቻ የሚጠብቅ ይመስል ግንባሩን ይቋጥራል። አማቼ ጋሽ ደጀኔ ከእነዚህ ከሁለተኞቹ ወገን ናቸው።

የጉምሩክ ጡረተኛ ናቸው። ባለፈው ዓመት ፋሲካ እንዳለፈ ሊጠይቁን ከአዲስ አበባ ኦክላንድ ድረስ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ ባሕር ማዶ ወዳለችው ከተማችን፣ መጡ። ሻንጣቸውን ሳይፈቱ የጠየቁት መታጠቢያ ቤቱ የት እንደሆነ ሳይሆን የዋይፋዩን ፓስወርድ ነው። ከዚያ ወዲህ ሳሎናችን የዓለም መንግሥታት ጽሕፈት ቤት ሆነ፤ ጠዋት ሩቅ ምሥራቅ፣ ከምሳ በኋላ አውሮፓ፣ ማታ ማታ አገር ቤት። ሥራዬ ሳን ሆዜ ስለሆነ በባቡርና በአውቶቡስ ተንገላትቼ ነው የምገባው፤ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ በር ላይ የዕለቱን የሟቾች ብዛት እረከባለሁ።

ባለቤቴ ሰብለ በርክሌ ውስጥ ነርስ ናት። አንድ ቀን የአባቷን የደም ግፊት ለካች። ደግማ ለካች። መለኪያው ተበላሽቶ ይሆናል ብላ የእኔንም ለካች። መለኪያው ደህና ነበር። ሐኪሙ መድኃኒታቸውን ከፍ አደረገና ከዜና ራቅ እንዲሉ መከረ፤ ሰብለ ምክሩን ወደ አዋጅ ለውጣ በዚያው ቀን ሥራ ላይ አዋለችው። ከስልካቸው ላይ ዜና የሚባል ነገር ሁሉ ጠፋ፤ ቴሌቪዥኑም ለወጥ አሠራርና ለዱር እንስሳት ብቻ ተፈቀደ።

ጋሽ ደጀኔ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለን ነበር። ዝም ብለው ሶፋው ላይ ተቀምጠው የፔንግዊኖችን የትዳር ሁኔታ መከታተል ጀመሩ። ያንን ሁሉ ዓመት የመንግሥት ሥራ ሠርተው የመጨረሻ ኃላፊነታቸው ፔንግዊን ሆነ። በሳምንቱ፣ በጣም በትሕትና፣ ትኬታቸውን አስቀይረን ወደ አገራቸው ብንሸኛቸው ደስ እንደሚላቸው ነገሩን። ሰብለ መኝታ ቤት ገብታ አለቀሰች። እናቷ ካረፉ ወዲህ አባቷ እዚያ ትልቅ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ናቸው፤ እዚህ ትንሽ እንዲቆዩላት ስንት ጊዜ ለምናለች መሰላችሁ።

እኔ ደግሞ ቤት ውስጥ ሰው ሲከፋ መዶሻ አነሣለሁ። ሌላ የማጽናኛ ዘዴ አልተማርኩም። የገዛነው ቤት በኦክላንድ ደንብ እንኳን አሮጌ የሚባል ነው፤ የኩሽናው ወለል ሲረግጡት ያቃስታል። ያረጀውን የፕላስቲክ ምንጣፍ ገልጬ አነሣሁ፤ ከሥሩ ሌላ የፕላስቲክ ምንጣፍ አገኘሁ፤ ከዚያኛው ሥር ደግሞ ጋዜጣ። ወለሉን መጀመሪያ የሠራው ሰው እንጨቱ እንዳይንቋቋ ብሎ የደረደረው መሆን አለበት፤ ከዳር እስከ ዳር የአንድ ወር ጋዜጣ ነው፣ ጁላይ 1914።

ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ በእኔ አእምሮ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ የሚሰጠው ሐሳብ ነው። ሐኪሙ የከለከለው ትኩስ ዜና አይደለም? ይኼ ደግሞ ከመቶ ዓመት በላይ የቀዘቀዘ ነው። የሚሞተው ሞቷል፣ የሚወርደው ወርዷል። የማንን ግፊት ከፍ ያደርጋል? ሰብለ ሐሳቤን በጥርጣሬ ብትሰማውም የአባቷን ፊት አየችና ተስማማች።

ጋሽ ደጀኔ ሥራውን ሲረከቡ ብታዩአቸው! ወረቀቱ ሲነካ ስለሚፈረፈር እያንዳንዱን ጋዜጣ በዳቦ መጋገሪያ ትሪ ላይ አስተኙት፤ ከምግብ ጠረጴዛው ወዲያ አንድ ስንዝር እንዳይነቃነቅም ከለከሉ። ዓመተ ምሕረቱን በራሳቸው አቆጣጠር አስልተው ከአሁን በኋላ ያለነው 1906 ውስጥ ነው አሉ። ወሩ ሰኔ ጨርሶ ሐምሌ ሊገባ ነበር፤ እኛም እንደዚያው። ስለዚህ ሌላ ደንብ አወጡ፤ በየዕለቱ የሚነበበው የዚያው ዕለት ጋዜጣ ብቻ ነው። አንድ ጠዋት የወሩን መጨረሻ ለማየት ብዬ ከሥር ያለውን ልመዝ ስል እጄን ያዙኝ።

«ተው እንጂ፤ ገና አልሆነም እኮ።»

እኔም እጄን ሰበሰብኩ።

የወሩን ዜና ለማታውቁት ልንገራችሁ። የኦስትሪያው አልጋ ወራሽና ባለቤታቸው ወሩ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሳራዬቮ ላይ ተገድለዋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዜናቸው የፊት ገጽ ላይ ነበር፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ገጽ ገባ፤ ከዚያ ጨርሶ ጠፋ። የአየርላንድ ጭቅጭቅ መጣ፣ የሜክሲኮ መሪ ሥልጣን ሊለቅ ነው ተባለ፣ የፓናማ ቦይ ሊከፈት ነው ተባለ፣ ሙቀቱ በረታ፣ የባርኔጣ ዋጋ ቀነሰ። የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት በመርከባቸው ወደ ኖርዌይ ሽርሽር ሄዱ። ስለ እኛ አገር አንዲት መሥመር አልነበረችም፤ ጋሽ ደጀኔ በአጉሊ መነጽር ፈልገው አጡ። ይኼ ግን አላስከፋቸውም። በዚያን ጊዜ እኛ ዘንድ ንጉሡ ሞተው እንኳን ደህና ናቸው ይባል እንደነበር ነገሩኝ፤ ስለዚህ ለጋዜጣው ወሬ የሚነግረው ሰው ቢጠፋ አይፈረድበትም አሉ።

ሰውየው ወደ ራሳቸው ተመለሱ ማለት ነው። ጠዋት ተላጭተው፣ ሸሚዛቸውን ለብሰው ጠረጴዛው ላይ ይሰየማሉ። ችግሩ ዜና ብቻውን አይበቃም፤ የሚነገረው ሰው ያስፈልጋል። እኔ ሳን ሆዜ ነኝ፣ ሰብለ ሺፍት ላይ ናት። ስለዚህ ወደ አጥሩ ሄዱ።

ከአጥሩ ማዶ ሚስ ሩት አሉ፤ እዚሁ ኦክላንድ ተወልደው ያረጁ፣ ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ባልቴት ናቸው፤ በየጠዋቱ ቲማቲማቸውን ውኃ ያጠጣሉ። ጋሽ ደጀኔ እንግሊዝኛ አቀላጥፈው ያነባሉ፤ ሲናገሩም ቀስ ብለው፣ ቃል በቃል ነው። 1906ን እየተከታተሉ መሆናቸውን ነገሯቸው። ሚስ ሩት ውኃውን ዘጉ።

አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። እኛ የምንኖርበት አካባቢ 1906 ከተባለ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ሳን ፍራንሲስኮ በመሬት መንቀጥቀጥ ተመትታ የተቃጠለችበት ዓመት ነው፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለቴ ነው። እናንተ ነገሩ አሁኑኑ ገባችሁ። እኔ ግን የዚያ ሰሞን አንድ ጠዋት ቡናዬን ይዤ አጥሩ ሥር ቆሜ ሁለቱን እየሰማሁ፣ ሲግባቡ አይቼ ደስ አለኝ እንጂ ምንም አልገባኝም። ጋሽ ደጀኔ ነገሩ በትንሽ ነገር ተጀምሮ ሁሉንም አቃጠለ ይላሉ፤ ሚስ ሩት ልክ ነዎት፣ ከመንቀጥቀጡ ይልቅ የጎዳን እሳቱ ነው ይላሉ። ጋሽ ደጀኔ ሕዝቡ ተኝቶ ነበር ይላሉ፤ ሚስ ሩት በዚያ ሌሊት ማን ነቅቶ ይጠብቃል ይላሉ። ትልልቆቹ ሰዎች መርከብ ላይ ነበሩ ሲሏቸውም፣ ሚስ ሩት በእጃቸው ወደ ባሕሩ እያሳዩ፣ አዎ፣ በመርከብ ነው ሸሽተው ወደ እኛ ወደ ኦክላንድ የመጡት አሉ። ማታ ጋሽ ደጀኔ እራት ላይ ጎረቤታችንን አመሰገኑ። እንዲህ ዓይነት የበሰለች ሴት አላየሁም፣ አንዱንም ነገር አልሳተችም አሉ። የትኬቱ ነገር በዚያ ሳምንት አልተነሣም።

ሚስ ሩትም የበሰለ ሰው ያገኙ መስሏቸው ኖሯል። እሳቸውና ጓደኞቻቸው የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እየተሰበሰቡ ስለ ድሮው ይጫወታሉ፤ በመጪው ቅዳሜ ሚስተር ደጀኔ ስለ 1906 ንግግር እንዲያደርጉልን ብለው ጋበዙ። ጋሽ ደጀኔ ክራቫት አሰሩ። አስተርጓሚ እኔ ተሾምኩ።

አዳራሹ ስንገባ ግድግዳው ላይ የተቃጠለች ከተማ ፎቶ ተሰቅሏል። አሮጊቶቹና ሽማግሌዎቹ ከአያቶቻቸው የወረሱትን ይዘው መጥተዋል፤ እሳት ያቀለጠው ማንኪያ፣ ግማሹ የተላጠ የሸክላ ሳሕን። ጋሽ ደጀኔ በፎቶዎቹ ፊት ቆመው አንገታቸውን ነቀነቁ። በጦርነቱ የተቃጠለችው ቤልጅግ ናት አሉኝ በሹክሹክታ። ከፎቶው ሥር ያለውን ጽሑፍ አነበብኩት። ሳን ፍራንሲስኮ፣ ኤፕሪል 1906 ይላል።

ልነግራቸው አፌን ስከፍት ሚስ ሩት ወደ መድረኩ ጠሯቸው፤ አዳራሹም አጨበጨበ። ጋሽ ደጀኔ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ በ1906 በሐምሌ ወር ዓለም ሁሉ ሰላም ነበር ብለው ጀመሩ። እንዴት አድርጌ ልተርጉመው? እንዳለ ተረጎምኩት። ፊት ለፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አንሥተው፣ በትሕትና፣ መንቀጥቀጡ በኤፕሪል እንደነበር አስታወሱ። ጋሽ ደጀኔ ወደ እኔ ዞሩ። ጠጋ ብዬ በጆሯቸው ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሁለት አቆጣጠር፣ ሁለት 1906፣ ሁለት እሳት።

ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ። ያፈረ ሽማግሌ ማየት ከባድ ነው፤ ያሳፈርኩት ደግሞ እኔ ነኝ፣ ጋዜጣውንም ያመጣሁት እኔ ነኝ። ተነሥተው የሚወጡ መሰለኝ፤ የሰብለ ለቅሶ ታየኝ። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አውልቀው፣ ወደ ሽማግሌው ዞረው፣ ይቅርታ ጠየቁና አንድ ጥያቄ እንድተረጉምላቸው ነገሩኝ። መሬቱ ከመንቀጥቀጡ በፊት ያወቀ ሰው ነበር ወይ? ሽማግሌው ማንም አላወቀም አሉ፤ ፈረሶች ደንብረዋል ይባላል እንጂ።

«የእናንተ መሬት ሳትነግራችሁ ናት የተንቀጠቀጠች፤» አሉ ጋሽ ደጀኔ። «የእኔ ጋዜጣ ሰዎች ግን ተነግሯቸዋል፤ አልጋ ወራሹ ተገድለዋል። ዛሬ ጠዋት ጋዜጣዬን ሳነብ ምንም የለም፤ የባርኔጣ ማስታወቂያ ነው። እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው።»

ይኼንን ተረጎምኩ። ከዚያም ስለየትኛው ወር እንደሚያወሩ አስረዳሁ፤ ጦርነቱ ሊጀመር ጥቂት ቀን ስለቀረው፣ ማንም ስላልጠረጠረው ወር። የሳቀ ሰው አልነበረም። ሚስ ሩት ከወንበራቸው ሳይነሡ ጀመሩ። አያታቸው በመንቀጥቀጡ ጊዜ ትንሽ ልጅ ነበሩ፤ በጭሱ መካከል በትከሻው ተሸክሞ እስከ መርከቡ ያደረሳቸው ታላቅ ወንድማቸው ነው። ይኼንን ታሪክ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያልሰማ የለም። የዚያን ወንድም መጨረሻ ግን የጠየቀ ሰው ስላልነበረ ተናግረውት አያውቁም።

«እሱ በሚስተር ደጀኔ ጦርነት ሄዶ ፈረንሳይ ቀረ፤» አሉ።

ጋሽ ደጀኔ ከመድረኩ ወርደው ሄዱና አጠገባቸው ተቀመጡ። የልጁን ስም ጠየቁ። ሚስ ሩት ነገሯቸው። ንግግሩ በዚያው አበቃ፤ ቀሪውን ሰዓት ኬክ በላን።

ከዚያ ወዲያ ሚስ ሩት ቲማቲማቸውን ካጠጡ በኋላ ወደ እኛ ኩሽና መምጣት ጀመሩ። ጋሽ ደጀኔ ያነባሉ፣ እሳቸው ይሰማሉ። አንዳንዴ እሳቸው ያነባሉ፣ ጋሽ ደጀኔ አነጋገራቸውን ያርማሉ፤ ይኼን በዓይኔ አይቻለሁ። ሰብለ ትኬቱን ለሌላ ጊዜ አስተላለፈችው፤ ጋሽ ደጀኔም ወሩ ሳያልቅ ወዴት እሄዳለሁ ብለው አጸደቁ።

ወሩ እያለቀ ሲሄድ፣ አንድ ጠዋት ጋሽ ደጀኔ ከጠረጴዛው ሆነው ጠሩን። የፈረንሳዩም ፕሬዚዳንት በመርከብ ራሺያ ሄደዋል፤ የጀርመኑ ገና ከኖርዌይ አልተመለሱም፤ ኦስትሪያ ደግሞ ለሰርቢያ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሰጥታለች። ሰብለና እኔ ሻንጣ እያዘጋጀን ነበር። ከሰኞ ጀምሮ ታሆ ሐይቅ ዳር አንድ የእንጨት ቤት ቡክ አድርገናል፤ እሳቸውንም ይዘን ልንሄድ ነው። ሻንጣውን አዩት።

«በዚህ ሰዓት?» አሉ።

ሰብለ፣ አባባ፣ ሐይቅ ዳር ትንሽ አረፍ ብለን መምጣት ነው አለቻቸው።

«እነሱም እኮ ውኃ ዳር ነው ያሉት፤» አሉ ጋሽ ደጀኔ። ሰው የሚባል ሁሉ ለዕረፍት ወጥቶ ስልክ የሚያነሣ ሲጠፋ ነው ዓለም የተቃጠለው፤ ከዚህ ቤት ግን ማንም ንቅንቅ አይልም አሉ። ይኼንን ሲሉ የነበራቸው ግርማ፣ ወደ ሐይቁ ብንሄድ የሚመጣውን ሁሉ በእኔና በሰብለ ላይ የሚጭን ዓይነት ነው። ሰብለ አየችኝ። እኔም ሻንጣውን ወደ ቁም ሣጥኑ መለስኩት።

ማናጀሬ ጋ ደወልኩ። ዕረፍቴን ሰርዣለሁ፣ ሰኞ እገባለሁ አልኩት። እንዴት፣ በደህና ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። መዋሸት አልሆንልኝ አለ፤ እውነቱን ነገርኩት፤ ኦስትሪያ ለሰርቢያ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሰጥታ፣ አማቼ ሁላችንም በየሥራችን ላይ እንድንገኝ አዘውናል አልኩት።

ማናጀሬ በጣም በሐዘኔታ፣ ሰሞኑን ዜና ሳይከታተል በመቅረቱ ይቅርታ ጠየቀኝና፣ ሰርቢያ ያሉት ዘመዶቼ እስኪረጋጉ ድረስ ከቤት መሥራት እንደምችል ነገረኝ።