ደወል የገባበት ደቦ

ሰዓት የገዛ ሰው ከገዛበት ቀን ጀምሮ ሥራ አይሠራም! አዎ፣ ብያለሁ። ሥራውን ትቶ ሰዓቱን ሲጠብቅ ይውላል። አትቆጡ… የእጅ ሰዓታችሁን በእጅጌያችሁ ሸፈን አድርጉና ስሙኝ።

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ፣ የኮምፒውተር መሐንዲሷ፣ ፊቷን አጥቁራ ቤቴ መጣች።

«ምን ሆነሽ?»

«ጋሼ፣ ከርነሉ አስቸገረኝ።»

ከርነል ማለት የኮምፒውተሩ አዛዥ ነው አለችኝ፤ ለፕሮግራሞቹ ሁሉ ተራ የሚሰጥ። ታዲያ አንዱ ላይ ተተክሎ ሌሎቹን እንዳይረሳ፣ ውስጡ ያለ ሰዓት ቆጣሪ በየጊዜው እየጎሸመ ሥራ ያስቆመዋል፤ «ቀና በል፣ ዙሪያህን እይ!» እንደማለት። እሷን የቸገራት በሰከንድ ስንት ጊዜ ይጎሸም የሚለው ነው። መቶ? ሺህ? ሲያንስ ኮምፒውተሩ ይፈዛል፤ ሲበዛ ደግሞ ለጎሻሚው መልስ ሲሰጥ ይውላል።

«ለዚህ ነው ፊትሽ የጠቆረው? እኔ ይሄን ፎገራ ላይ በጠላ ሞክሬዋለሁ!» አልኳት።

ነገሩ የሆነው በሃምሳዎቹ መጨረሻ ግድም ነው። ጎንደር ሁለት ዓመት የትምህርት ቤት ደወል ደዋይ ሆኜ ኖሬ ወደ ወረታ ስመለስ ይዤ የመጣሁት ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ አናቱ ላይ ደወል ያለው የጠረጴዛ ሰዓትና ትዕቢት። ውዴን አገባሁ፤ ቁሐር ሚካኤል ላይ የመጀመሪያዬን ጤፍ ዘራሁ። ኅዳር ላይ ጤፉ ደረሰ። በጣና በኩል ግን ያለ ወቅቱ ደመና ይከመር ጀመር። የደረሰ ጤፍ ዝናም ከመታው ረግፎ ጭቃ ውስጥ ነው የሚቀረው፤ እኔና ውዴ ደግሞ ዓመቱን የምንበላው ሌላ እህል አልነበረንም። ስለዚህ ሠላሳ ሰው ለደቦ ጠራሁ፤ ውዴም አምስት እንስራ ጠላ አዘጋጀች።

በአገራችን የደቦ ዕረፍት የሚታወቀው በአባ ዓለሙ ወገብ ነበር። የደቦው ታላቅ ናቸው። እሳቸው ወገባቸውን ይዘው ቀና ሲሉ ሁሉም ይቆማል፣ ጠላ ይቀዳል፣ አባ ይመርቃሉ፣ ከዚያ ወደ ማጭድ። በቃ።

«የሰው ወገብ ሰዓት ነው እንዴ?» ብዬ ተነሳሁ። «ከዛሬ ጀምሮ ዕረፍት በደወል ነው!»

አባ ዓለሙ ሰዓቱን አዩት፤ እኔን አዩኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ዕቃ አጭዶ ያውቃል?»

«አያውቅም አባ፤ ግን አይሳሳትም።»

«እኛማ እንሳሳታለን» አሉና ወደ ጤፉ ጎንበስ አሉ።

መጀመሪያ ደወሉን የሞላሁት ለስድስት ሰዓት ነበር። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተጀምሮ ለስድስት! ሥራ እንዳይቋረጥ ብዬ እኮ ነው። አራት ሰዓት ላይ ዘፈኑ ሞተ። አምስት ሰዓት ላይ ጎረቤቴ ደምሌ ምላሱን ከላንቃው ለማላቀቅ እየታገለ፣ «አንተ፣ ጠላው ለእኛ ነው ወይስ ለተዝካርህ?» አለኝ።

«ደወሉ አልደወለም!»

ይባስ ብሎ ሦስት ላሞች ከኋላችን ገብተው የታጨደውን ነዶ ይበሉልኛል። አንድም ሰው አላየ! ምን ብሎ ቀና ይበል? ደወል አልደወለማ! ያየቻቸው ውዴ ናት፣ እንስራ ተሸክማ ስትመጣ። ጩኸቷ ይፋግ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

እንደተሳሳትኩ አመንኩ። ታዲያ ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ሰዓቱን ጣልኩት? እንዴት ተደርጎ! በየሩብ ሰዓቱ እንዲደውል አደረግኩት እንጂ። እኔ ራሴ ማጨዴን ትቼ የሰዓቱ አሽከር ሆንኩ፤ በደወለ ቁጥር ጆሮውን እየጠመዘዝኩ ለሚቀጥለው ሩብ እሞላዋለሁ።

አሁን ልብ በሉ። በደቦ ጠላ ዝም ተብሎ አይጠጣም። ሠላሳው ሰው ማጭዱን አስቀምጦ ይቀመጣል። ዋንጫው ከታላቅ ይጀምራል፤ ያለን ደግሞ ሦስት ዋንጫ ነው። የመጨረሻው ሰው ሳይጠጣ አባ ምርቃት አይጀምሩም፤ ምርቃቱ ሳያልቅም ማንም አይነሳም። ይሄ ሁሉ ስንት ይፈጃል? እህ… ሩብ ሰዓት ከምናምን!

አባ መዳፋቸውን ዘረጉ። «ዝናሙን አይንፈግህ!»

«አሜን!»

ቂርርርርር!

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ አባ።

«ዕረፍት ነው፣ አባ።»

«ዕረፍት ላይ አይደለንም እንዴ?»

«ይሄ ሌላው ነው።»

ሌላ ዕረፍት ከሆነ ሌላ ጠላ አለ። ተቀዳ፤ ሠላሳው ጠጣ። «ምርቃት ከመሃል አይቀጠልም፤ ከመጀመሪያው ነው» አሉና አባ እንደገና መዳፋቸውን ዘረጉ። «ዝናሙን አይንፈግህ!» «አሜን!» ቂርርርርር!

ስድስት ጊዜ! አንዲት የጤፍ ዘለላ ሳትነካ ስድስት ጊዜ! ለምን መሙላትህን አልተውክም ትሉኝ ይሆናል። በየሩቡ ብያለሁዋ! ወንድ አይደለሁም? ደምሌማ «ይሄን ሰዓት ያማሁበትን አፌን ይቁረጠው» እያለ በደወለ ቁጥር ያጨበጭባል።

የአባ ምርቃት ረጅም ነው፣ ደግም ነው። «ጊዜውን አያዛባብህ፣ ክምርህን ይጠብቅልህ፣ ልጅ ይስጥህ» የሚሉት ሁሉ ግን ከኋላ ነው ያሉት። ደወሉ ከመጀመሪያዋ ቃል አላሳልፍ አለ። እንግዲህ አስቡት… ሠላሳ ክርስቲያን የደረሰ ጤፍ ዳር ተቀምጦ ስድስት ጊዜ ዝናም ለመነልኝ!

ሰማዩም ሰማ። በጣና በኩል ነጎድጓዱ አጉረመረመ። ግማሹ ማሳ ገና እንደቆመ ነው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የውዴን ፊት ማየት አቃተኝ።

«ኧረ ተነሱ!» ብል ማን ይነሳል? ምርቃቱ አላለቀማ! ደምሌ ሊነሳ ሞክሮ ነበር፤ ጉልበቱ እምቢ አለው።

ውዴ መጣች። ሰዓቱን ከእጄ ነጥቃ ጠላው ያለቀበት እንስራ ውስጥ፣ አተላው ላይ ጨመረችው። ከዚያ አባ ፊት ዝቅ አለች።

«አባ፣ ቆመው መመረቅ ይችላሉ?»

«እንዴታ፣ ልጄ!»

«እየሄዱስ?»

አባ ሰማዩን አዩ፤ ጤፉን አዩ፤ ገባቸው። ተነሱና «ጊዜውን አያዛባብህ!» እያሉ ወደ ማሳው ገቡ። ሠላሳው ሰው «አሜን!» ብሎ ተከተላቸው፤ ሠላሳ ማጭድ አንድ ላይ ወረደ። «ክምርህን ይጠብቅልህ!» «አሜን!» ሸርርር! አንድ ምርቃት፣ አንድ ዕፍኝ። ስካሩ በላብ ወጣ። አባ የሚያውቁት ምርቃት ሲያልቅባቸው ለበሬዎቼ መረቁ፣ ለበሬዎቼ ቀንበር መረቁ፣ ላልተወለዱ የልጅ ልጆቼ ጥርስ መረቁ። ዝናሙ ማካፋት ሲጀምር የመጨረሻዋ ነዶ ክምሩ ላይ ወጥታ ነበር። ውዴ ክምሩን ተደግፋ ስትስቅ እኔ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

በዓመቱ እንደገና ደቦ ጠራሁ። ሠላሳ ሰው ጠርቼ ስድሳ መጣ! ሰው እንዴት ቢወደኝ ነው ብዬ ደስታዬ ሊገድለኝ… ደምሌን ባየው ባዶ እጁን ነው።

«ማጭድህስ?» አልኩት።

«ማጭድ ምን ያደርግልኛል?» አለኝ፣ ጥላ ሥር እየተመቻቸ፤ «ይልቅ ቶሎ በልና ሰዓቱን ሙላው!»