ጾመን የወፈርንበት ዓመት

የሰውን ልጅ ከበሽታ ለማዳን ብዙ ታላላቅ ሥራዎች ተሠርተዋል። አንዱ ግን፣ ማለትም የሰፈራችን የጥንታዊ አበላል ጤና ጥበቃ ኮሚቴ ያከናወነው፣ እስከ ዛሬ የሚገባውን ክብር አላገኘም። እኔ ሻንታራም፣ ጡረታ የወጣሁ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ፣ የኮሚቴው መሥራች አባልና የመጀመሪያ ፍሬው ስለሆንኩ ነገሩን ከሥሩ አውቀዋለሁ። ሟች ባለቤቴ ማንዳም በታሪኩ ውስጥ አለች። በኮሚቴው መዝገብ ላይ ግን ስሟ የለም፤ አባል አልነበረችም። የምታበስለው ብቻ ነበረች።

ነገሩ የጀመረው በስእለት ነው። ማንዳን ተስቦ ይዟት ሃያ አንድ ቀን ስትማቅቅ፣ "እሷን ብቻ አትርፍልኝ እንጂ፣ መቅደስህ ፓንዳርፑር ድረስ በእግሬ መጥቼ እግርህ ሥር እወድቃለሁ" ብዬ ለቪቶባ ተሳልኩ። ዳነች። እኔም "በሚቀጥለው ዓመት እሄዳለሁ" አልኩ። ይህን ቃል አሥራ አንድ ጊዜ ተናግሬዋለሁ። አምላክ ታጋሽ ነው። ማንዳ ግን ወደ ፓንዳርፑር የሚወርዱት ተሳላሚዎች ሰልፍ እየዘመረ በከተማችን ባለፈ ቁጥር በር ላይ ቆማ ታየኝ ነበር።

በአሥራ ሁለተኛው ዓመት ቆረጥኩ። ባለፈው ጉዞ አንድ ወፍራም ነጋዴ መንገድ ላይ ወድቆባቸው ስለነበር የሰልፉ አለቃ ያለ ሐኪም ወረቀት ሰው አልቀበልም ብሏል። ዶክተር ባርቬ ጉልበቴን ነካ ነካ አድርጎ ሚዛን ላይ አቆመኝ። ሰማንያ ስምንት ኪሎ።

"አቶ ሻንታራም፣ በዚህ ጉልበት ይህን ሁሉ ተሸክመው አሥራ አራት ቀን አይሄዱም። ሰልፉ እስኪደርስ አርባ ቀን አለ። ከሰማንያ በታች ይውረዱ፣ ወረቀቱን እጽፍልዎታለሁ።"

"ምን ልብላ ታዲያ?"

"ትንሽ።"

ምክሩ በጣም አጭር ስለሆነብኝ ይዤው ወደ ጎረቤቴ ወደ አቹትራው ሄድኩ። አቹትራው ሠላሳ ዓመት በሚዛንና መስፈሪያ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ያገለገለ፣ የነጋዴን ሚዛን በዓይኑ ብቻ አይቶ የሚያስደነግጥ ሰው ነበር።

"ትንሽ መብላት የፈረንጅ ፈሊጥ ነው" አለኝ። "አባቶቻችን ትንሽ በልተው አያውቁም። ጾሙ እንጂ!"

በዚያው ምሽት ሰባት ወንዶች በረንዳው ላይ ተሰብስበን ኮሚቴው ተቋቋመ። አቹትራው በሙሉ ድምፅ ሊቀመንበር ሆነ፤ አብዛኛው ድምፅ የራሱ ነበር። የመጀመሪያው ውሳኔ፣ "አባላት መሬት ላይ ተቀምጠው፣ በሙዝ ቅጠል ላይ፣ በቀኝ እጃቸው፣ እያንዳንዱን ጉርሻ በጥርሳቸው ቁጥር ልክ ሠላሳ ሁለት ጊዜ እያላመጡ እንዲመገቡ" የሚል ነበር።

"እኔ የቀሩኝ ዘጠኝ ናቸው" አሉ ሽማግሌው ናናሳሂብ።

"ዘጠኝ ጊዜ ያላምጡ" ብሎ ኮሚቴው ወሰነላቸው።

ሁለተኛው ውሳኔ ጾሙን ይመለከታል። ጾም ማለት አለመብላት የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል። ጾም ማለት ሩዝ፣ ስንዴ፣ ምስርና ሽንኩርት አለመብላት ነው። ሰውነት ከነዚህ ሲያርፍ የሚበላው የታወቀ ነው፦ በንጥር ቅቤና በቃሪያ የተጠበሰ ድንች፤ በተቀጠቀጠ ኦቾሎኒ የታሸ ሳቡዳና፣ ያ ከካሳቫ ሥር የሚሠራው ዕንቁ የመሰለ ነጭ ፍሬ፤ በስኳር የበሰለ ስኳር ድንች፤ ወተቱ ተንተክትኮ ተንተክትኮ ማንኪያ ሲያቆም የሚወርድ ጣፋጭ፤ ሙዝ፣ ተምር፣ እርጎ። ጨውም ቢሆን ተራው ጨው ክልክል ነው። የተራራ ጨው ብቻ። እንግዲህ ሥጋን እንዲህ ነው የሚቀጡት።

መምህር ኬልካር፣ ሁልጊዜ አንድ ነገር አንብቦ የሚመጣው፣ እጁን አወጣ።

"ክቡር ሊቀመንበር፣ ድንቹም፣ ኦቾሎኒውም፣ ቃሪያውም፣ ካሳቫውም ከባሕር ማዶ በመርከብ የመጡ ናቸው። አባቶቻችን አያውቋቸውም ነበር።"

"አያቴ ድንች ትበላ ነበር ወይስ አትበላም?"

"ትበላ ይሆናል..."

"አያቴ ጥንታዊ ናት ወይስ አይደለችም?"

መምህሩ እጁን አወረደ። በቃለ ጉባኤው ላይ "ከሰፊ ምርምር በኋላ የድንች ጥንታዊነት ተረጋገጠ" ተብሎ ተጻፈ።

መጀመሪያ ያሰብነው ጨረቃ በገባች በአሥራ አንደኛው ቀን ብቻ ልንጾም ነበር። ነገር ግን አርባ ቀን አጭር ነው፤ ጉዳዩም አስቸኳይ ነው። ስለዚህ ከአማልክቱ መጀመሪያ ሰኞ ለሺቫ ተጨመረ። ማክሰኞ ለጋኔሽ፣ ሐሙስ ለዳታ፣ ዓርብ ለእናታችን ለሴቷ አምላክ፣ ቅዳሜ ለማሩቲ። እሑድ የፀሐይ ነው፤ ፀሐይን ማስቀየም ደግሞ ለማንም አይበጅም። ረቡዕ ብቻ ቀረ።

"ረቡዕ ምን አጠፋ?" አልኩ። ረቡዕ የራሱ የቪቶባ ቀን መሆኑን አስታውሼ ስናገር አቹትራው ተነሥቶ አቀፈኝ።

ማንዳ ዝርዝሩን ስነግራት ኦቾሎኒ እየፈለፈለች ነበር።

"ሰባቱንም ቀን?"

"ሰባቱንም።"

"አሃ። ከእንግዲህ ጠዋት ሳቡዳና፣ ቀትር ላይ የድንች ቂጣ፣ ማታ ጣፋጩን ነዋ። ቀድሞ ሩዝና ምስር ጥጄ በአንድ ሰዓት እገላገል ነበር እኮ! እርስዎ ሲጾሙ እኔ መች ልቀመጥ ነው?"

"ያንቺን ጤና ብዬ አይደለም እንዴ የተሳልኩት?"

"ውለታዎ ብዙ ነው" አለችኝና ወደ ሙቀጫው ተመለሰች።

እሑድ እሑድ ጠዋት አቹትራው ከእህል ነጋዴ በተዋሰው የብረት ሚዛን እንመዘናለን። በመጀመሪያው እሑድ ሰማንያ ዘጠኝ ሆንኩ።

"መርዙ ሊወጣ እየተሰበሰበ ነው" አለ ሊቀመንበሩ። "ሲሰበሰብ ይከብዳል።"

በሦስተኛው እሑድ ዘጠና አንድ ደረስኩ። ናናሳሂብ በዘጠኝ ጥርስ አራት ኪሎ ጨምረው ከኮሚቴው ምስጋና ተቸሩ። አቹትራው የራሱን ሆድ በሁለት እጁ ደግፎ፣ ጾም ሥጋን እንደማይቀንስ፣ የሚያጠራ መሆኑን፣ የጠራ ወርቅም ከባድ መሆኑን አብራራልን። ይህን ከሚዛን መሥሪያ ቤት የመጣ ሰው ሲናገረው ማን ይከራከራል? ያን ዕለት ደስ ብሎኝ ጣፋጩን ሦስት ጊዜ አስደገምኩ።

አርባው ቀን ሞላ። ሰልፉ በማግሥቱ ጠዋት ከተማችን ይገባል። ደረጃ መውጣት ስለከበደኝ ማንዳ ክንዴን ይዛ ዶክተር ባርቬ ዘንድ አደረሰችኝ። ሚዛኑ ላይ ወጣሁ። ዶክተሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ እንደገና አየ።

"ዘጠና ሦስት። ምንድን ነው የበሉት?"

"ኧረ ምንም! አርባ ቀን ሙሉ ጾም ላይ ነኝ።"

"እግዜር ያሳይዎ! አንድ ቀን እንኳ በልተው ቢሆን ኖሮ በሩ ባላስገባዎት ነበር።"

ወረቀቱን አልጻፈም። አሥራ ሁለተኛው ዓመትም ሊያልፍ ነው። እኔ ወንበር ላይ ተዘርፍጬ ስእለቴን ሳስብ፣ ማንዳ ጫማዋን አውልቃ ሚዛኑ ላይ ወጣች። ለምን እንደወጣች አላውቅም፤ ባዶ ስለነበረ ይመስለኛል።

ዶክተሩ የቀድሞ ካርዷን አወጣ። "ከሰባ አንድ ወደ ስድሳ ሁለት! እህት ማንዳ፣ ምን እየበላሽ ነው?"

"መች ቁጭ ብዬ ዶክተር? ሳቡዳናውን እዘፈዝፋለሁ፣ ኦቾሎኒውን እቆላለሁ፣ እወቅጣለሁ፣ ወተቱን ቆሜ አማስላለሁ። እሳቸው ሲጨርሱ የነገው መዘፍዘፊያ ይደርሳል።" ከሚዛኑ ወርዳ፣ "ለኔ የሚሆን ወረቀት ይኖርዎታል?" አለች።

ጻፈላት።

"ስእለቱ እኮ የኔ ነው!" ብዬ ጮህኩ።

"ስለ ማን ነው የተሳሉት?"

"ስላንቺ።"

"እንግዲያውስ ባለጉዳይዋ እኔ ነኝ።"

በማግሥቱ ሰልፉ ሲገባ ማንዳ እንደ ተሳላሚ ሴቶች ልማድ፣ ተልሲ የተባለው ቅዱስ ተክል ያለበትን ማሰሮዋን በራሷ ላይ አድርጋ ወጣች። ይህን ያየችው የአቹትራው ሚስት ሙቀጫዋን ዘቅዝቃ ተከተለቻት። ከዚያ የመምህር ኬልካር ሚስት፤ ከዚያ የናናሳሂብ ምራት። ባጭሩ የሰባቱም አባላት ወጥ ቤት በአንድ ጠዋት ተዘጋ። እኛ በረንዳው ላይ ቆመን እጃችንን አውለበለብን። ማንዳ ዞር ብላ፣ "ሳቡዳናው ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ይደር!" አለችኝ።

ምን ያህል ውሃ እንደሆነ ግን አልነገረችኝም። በመጀመሪያው ቀን ድንጋይ ሆነ። በሁለተኛው ቀን ሙጫ ሆኖ ድስቱ ከማማሰያው ጋር ተነሣ። አቹትራው ድንች ሊጠብስ ሞክሮ ቅንድቡን ብቻ ጠበሰ። ከዚያ በኋላ ሙዝ እየላጥን፣ አንዳችን የሌላችንን በር እያንኳኳን፣ "እናንተ ቤት ምን አለ?" እያልን አሥራ አራት ቀን ኖርን።

ሴቶቹ ከመመለሳቸው በፊት በነበረው እሑድ ተመዘንን። እኔ ሰማንያ አምስት! ናናሳሂብ እንኳ የጨመሩትን አራት ኪሎ መልሰው አስረክበው ነበር። አቹትራው እንባ አቀረረ፤ ቆሞም ንግግር አደረገ፦ "ወንድሞቼ፣ የጥንታዊው አበላል ውጤት ጥቂት ዘግይቶ ቢመጣም፣ ይኸው መጣ። ትዕግሥታችን ተካሰ።" ለእያንዳንዳችን የምስክር ወረቀት ታተመ። ማንዳ ፊቷ በፀሐይ ጠቁሮ፣ እግሯ ተላልጦ ስትመለስ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አገኘችው። አነበበችው። እንደ ልማዷ አየችኝ።

"ተሳካልዎ እንግዲህ" አለች። "አሁን ምን ላብስልልዎ?"

በሦስት ወር ውስጥ ዘጠና ገባሁ።

ማንዳ ከሞተች ዘንድሮ አራት ዓመቷ ነው። ኮሚቴው ዛሬም አለ፤ ለወጣቶች አርአያ አድርጎ መድረክ ላይ የሚያወጣው እኔን ነው። ባለፈው ወር የዶክተር ባርቬ ልጅ፣ አሁን ሐኪሙ እሱ ነው፣ ሚዛን ላይ አቆመኝና ስድሳ ስድስት አለ። ደሜን ለካ፣ ስኳሬን ለካ፣ አጨበጨበልኝ።

"አባባ፣ በዚህ ዕድሜ! እስቲ ይንገሩኝ፣ አመጋገብዎ እንዴት ቢሆን ነው?"

"የምታበስለው ሄዳለች" አልኩት።

ልጁ ካርዴ ላይ አጎንብሶ ሲጽፍ ስለነበር በደንብ አልሰማኝም መሰለኝ። ጽፎ ሲጨርስ ፈገግ ብሎ ሰጠኝ። ወጥቼ ደረጃው ላይ አነበብኩት፦ "እጅግ መልካም። በዚሁ ይቀጥሉ።"